ለወደቀ ወጣት የተዘረጋ እጅ፤ የቢሊ ሞንገር መከራና የሕዝብ ርዳታ

መከራ በደረሰ ጊዜ የሁለት ወገን ልብ ይፈተናል። አንደኛው መከራው የደረሰበት ሰው ልብ ነው፤ ሁለተኛው በዙሪያው ያሉት ሰዎች ልብ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይነገራል፤ ታጋሽ ነው፥ ጀግና ነው ይባላል። ስለ ሁለተኛው የሚነገረው ግን ጥቂት ነው፤ ሰው ርዳታውን ሰጥቶ ከሄደ በኋላ፥ ርዳታው እንዴት እንደ ተሰጠና ምን ፍሬ እንዳፈራ ተመልሶ የሚመረምር አይገኝምና። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የአንድ እንግሊዛዊ ወጣት ታሪክ ለተከበራችሁ አንባቢዎች ልናቀርብ ወደድን። ታሪኩ ሲሰሙት ስለ መኪና እሽቅድምድም ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲመለከቱት ግን ስለ አባትና ስለ እናት፥ ስለ ወዳጅና ስለ ጎረቤት የሚናገር ነው። ቀኖቹና ዓመታቱ በአገራችን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ቢሊ ሞንገር በ1991 ዓ.ም. የተወለደ፥ የእንግሊዝ አገር የሰሪ አውራጃ ልጅ ነው። ገና በልጅነቱ ካርት በሚባሉት ትናንሽ የእሽቅድምድም መኪናዎች መወዳደር ጀመረ። ይህ ሙያ በኤውሮጳ እንደ ትምህርት ቤት ክፍል በደረጃ የሚወጡበት ነው። ልጆቹ በካርት ይጀምራሉ፤ 15 ዓመት ሲሞላቸው ፎርሙላ ፎር ወደሚባለው፥ አንድ ሰው ብቻ ወደሚቀመጥበት ፈጣን መኪና ይሻገራሉ፤ ከዚያም ወደ ፎርሙላ ሥሪ ይወጣሉ፤ ከእነርሱም እጅግ ጥቂቶቹ የሁሉ የበላይ ወደ ሆነው ወደ ፎርሙላ ዋን ይደርሳሉ። መኪናውም፥ ጎማውም፥ ሜካኒኩም ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፥ አንድ ልጅ በዚህ መንገድ ሲጓዝ የሚደክመው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ሰቡ በሙሉ አብሮት ይደክማል።

ሚያዝያ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ2017፥ የትንሣኤ በዓል ነበረ። በዚያ ዓመት የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን ያከበሩት በአንድ ቀን ነው። በአገራችን ሰው ሁሉ ከቤተ ሰቡ ጋራ በማዕድ ተቀምጦ በነበረበት በዚያ ዕለት፥ በመካከለኛው እንግሊዝ ዶኒንግተን ፓርክ በሚባለው ሜዳ የፎርሙላ ፎር ውድድር ይደረግ ነበር። የ17 ዓመቱ ቢሊ ከፊቱ የሚሮጡት መኪናዎች ዓይኑን ጋርደውበት ሳለ፥ ፍጥነቱ ጠፍቶ በመንገዱ ላይ የቀረ የሌላ ወጣት መኪና በድንገት ተገለጠበት። ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ሳያገኝ በሙሉ ኃይሉ ገጨው፤ የመኪናውም አፍንጫ ተጨፍልቆ እግሮቹን ያዘ። የነፍስ አድን ሠራተኞችና ሐኪሞች እርሱን ከብረቱ ለማላቀቅ 90 ደቂቃ ያህል ደከሙ፤ ከዚያም በሄሊኮፕተር ወደ ኖቲንግሃም ከተማ ሐኪም ቤት ተወሰደ። ሌላውም ወጣት ወደ ሐኪም ቤት ገባ፤ እንደ ቢሊ ያለ ጉዳት ግን አልደረሰበትም።

ሐኪሞቹ ሕይወቱን ለማትረፍ ሁለቱን እግሮቹን ቈረጡ፤ አንዱን ከጕልበቱ በታች፥ አንዱን ከጕልበቱ በላይ። ሦስት ቀን ያህል በመድኃኒት ኃይል በሰመመን ከቈየ በኋላ ነቃ፤ የደረሰበትንም ተረዳ። አደጋው በደረሰ በ19ኛው ቀን 18 ዓመት ሞላው። በሌላ ወጣት ቤት ይህ ቀን የጕልምስና መግቢያ ሆኖ በደስታ የሚከበር ነው፤ እርሱ ግን በዚያ ዕድሜው እንደ ሕፃን እንደ ገና መቆምንና መራመድን መማር ነበረበት።

በእንግሊዝ አገር ሕመምተኛ በሐኪም ቤት የሚታከመው በመንግሥት ወጪ ነው። ይሁን እንጂ እግሩን ያጣ ወጣት ከሐኪም ቤት ሲወጣ የሚያስፈልገው ነገር በዚያ አያበቃም። ሰው ሠራሽ እግር እንደ ጫማ ያረጃል፤ የተቈረጠው ሥጋ ቅርጹ ሲለወጥም እንደ ገና ይለካል፥ ይለወጣል፤ ለመሮጥና ለመወዳደር የሚሠራው ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ይህን ያሰበው የእሽቅድምድም ቡድኑ አለቃ አደጋው በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ በኢንተርኔት የመዋጮ መዝገብ ከፍቶ፥ 260,000 ፓውንድ እንዲሰበሰብ ሕዝቡን ለመነ።

የተለመነው ገንዘብ አንድ ቀን ሳይሞላ ገባ፤ መዋጮው ግን አልቆመም፥ በመጨረሻውም ከ800,000 ፓውንድ በላይ ደረሰ። በፎርሙላ ዋን የዓለም አሸናፊ የነበረው ጄንሰን ባተን 15,000 ፓውንድ ሰጠ፤ ሉዊስ ሃሚልተንም የወጣቱን ስም በይፋ አንሥቶ ሐዘኔታውን ገለጸ። የታላላቆቹ ስም በጋዜጣ ቢጻፍም፥ መዝገቡን የሞሉት ቢሊን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ፥ እንደ ዓቅማቸው አምስትም አሥርም ፓውንድ የጣሉ እጅግ ብዙ ሰዎች ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው የአባቶቻችን ተረት በባሕር ማዶ ተፈጸመ። የእድርን ሥራ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ልዩነቱ የእድር አባሎች በአንድ ሰፈር የሚተዋወቁ መሆናቸው፥ የቢሊ ረዳቶች ግን በብዙ አገር ተበትነው የማይተዋወቁ መሆናቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ገንዘቡ ገባ፤ ወጣቱም ዳነ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ በማናቸውም አባትና እናት ልብ ሊነሣ የሚችል ነው፤ ልጁ ወደዚያው እግሩን ወዳሳጣው ሥራ ልመለስ ቢል ምን ይባላል? ቢሊ ይህን ለማለት ብዙ አልዘገየም። ከአደጋው በኋላ 11 ሳምንት ያህል ብቻ ቈይቶ፥ ብራንድስ ሃች በሚባለው ሜዳ፥ በእጅ እንዲነዳ ተደርጎ በተሠራ የፎልክስዋገን ጥንዚዛ ቅርጽ ባለው የውድድር መኪና ውስጥ ተቀምጦ መንዳት ጀመረ። ቤተ ሰቡም አልከለከለውም።

ይህን ነገር የሚነቅፍ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ልጅን ከሞት አፍ ከተቀበሉት በኋላ እንደ ገና ወደ አደጋ መስደድ ፍቅር ነውን? ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እኛ ግን እንዲህ ብለን እናስባለን። በዚያ የፋሲካ ቀን ቢሊ እግሮቹን አጣ፤ የሚወድደውን ሥራ ደግሞ ሰዎች በርኅራኄ ቢወስዱበት ኖሮ ሁለተኛ ጊዜ በተቈረጠ ነበር። በቤት ውስጥ ተደግፎና ተጠብቆ የሚኖር ልጅ እናቱን ከሥጋት ያሳርፋት ይሆናል፤ የእናት ዕረፍትና የልጅ ሕይወት ግን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አካሉ የተጎዳውን ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው፥ ሌሎች በእርሱ ፈንታ እየፈሩ በእርሱ ፈንታ መቍረጣቸው ነው።

የከለከለው ቤተ ሰቡ ሳይሆን ደንብ ነበረ። የዓለም የመኪና ስፖርት አስተዳዳሪ የሆነው ፊያ የሚባለው ማኅበር፥ አካላቸው የተጎዳ ነጂዎች አንድ መቀመጫ ባላቸው መኪናዎች በዓለም አቀፍ ውድድር እንዳይገቡ የሚያግድ ሕግ ነበረው። ቢሊና ረዳቶቹ ጕዳዩ እንደ ገና እንዲመረመር አመለከቱ፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራትም ክልከላው ተነሣ። ይህ ፍርድ ለእርሱ ብቻ የተደረገ ቸርነት አልነበረም፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡትም በሩን ከፈተ። ከዚህም የተነሣ ካርሊን የሚባለው ቡድን የፎርሙላ ሥሪ መኪና አዘጋጀለት፤ የነዳጁ መስጫ ወደ መሪው ተዛውሮ በእጁ እንዲሠራ ተደረገ፤ ፍሬኑን ግን በቀረለት በቀኝ እግሩ ኃይል ይይዝ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. በኦልተን ፓርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደር ሦስተኛ ወጣ። አደጋው ከደረሰበት አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፥ በከተማ መንገድ ላይ በሚደረገው በጥንታዊው የፖ ታላቅ ውድድር ተሰለፈ። በዚያ ቀን ዝናም ነበረ፤ ቢሊ ከሌሎቹ ቀድሞ የዝናም ጎማ አስገጠመ፤ ቀስ በቀስም ከኋላ ተነሥቶ ሦስተኛ ሆነ። ከፊቱ የነበሩት ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ መሪነቱን ይዞ አንደኛ ወጣ። እርስዎም አንባቢ ሆይ፥ ዕድል ረዳው ይሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዕድል የሚረዳው በመንገዱ ላይ ያገኘውን ሰው ነው፤ ቢሊ በቤቱ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ዕድሉ በሌላው በር ባለፈ ነበር።

የተቀበለውን መልሶ መስጠቱም ሊነገር ይገባል። በ2013 ዓ.ም. ኮሚክ ሪሊፍ ለሚባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር 140 ማይል፥ ማለት 225 ኪሎሜትር ያህል፥ በእግሩ ተራምዶ፥ ጀልባ ቀዝፎና ብስክሌት ነድቶ፥ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ በላይ እንዲሰበሰብ ምክንያት ሆነ። ለእርሱ ከተዋጣው ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ መሆኑን ልብ ይሏል። ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሀዋይ ደሴት በኮና፥ 3.8 ኪሎሜትር በባሕር ዋኝቶ፥ 180 ኪሎሜትር በብስክሌት ሄዶ፥ በላዩም 42 ኪሎሜትር ሮጦ፥ ይህን ሁሉ በ14 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ፈጸመ። ሁለት እግሮቻቸውን ያጡ ሰዎች በዚህ ውድድር ካስመዘገቡት ከቀደመው ፈጣን ሰዓት ከሁለት ሰዓት በላይ ያነሰ ነው።

ይህን ስናነብ የራሳችንን ሰው ማስታወስ ይገባናል። ሻምበል አበበ ቢቂላ፥ በሮማና በቶኪዮ የዓለምን ሯጮች ያሸነፈው፥ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት በፎልክስዋገን መኪናው ሲሄድ በደረሰበት አደጋ መራመድ ተሳነው። የታከመውም በዚያው በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሐኪም ቤት ነው፤ ይህም ሐኪም ቤት ዶክተር ሉድዊግ ጉትማን ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ አከርካሪያቸው የተጎዱትን ሰዎች በስፖርት ያወዳደረበት፥ የዛሬው የፓራሊምፒክ ጨዋታ ምንጭ ነው። አበበም በዚያ ቀስት መወርወርን ተማረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር በበረዶ ላይ በሚነዳ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1966 ዓ.ም. እስካረፈበት ቀን ድረስ ሕዝቡ እንደ አሸናፊ አከበረው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? መጀመሪያ፥ ርዳታ ጊዜ አለው። ለቢሊ የተዋጣው ገንዘብ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ደረሰ፥ ወጣቱ ከሰመመን ሲነቃ እግሩን ባያገኝም ብቻውን እንዳልሆነ አገኘ። ሁለተኛ፥ የርዳታ ፍጻሜው ተረጂውን ማስቀመጥ ሳይሆን ማቆም ነው፤ ሕዝቡ ገንዘቡን ሰጠ፥ ቤተ ሰቡ ነጻነቱን ሰጠው፥ ደንብ አውጪዎቹም በሩን ከፈቱለት። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ሁለቱ ባልበቁም ነበር።

ሦስተኛውና ከባዱ ይህ ነው። ቢሊን ዓለም ያወቀው መከራው በቴሌቪዥን ስለ ታየ ነው። በየመንገዱ በመኪና ተገጭቶ፥ በየሥራው ቤት በመሣሪያ ተይዞ እግሩን የሚያጣው ወጣት ግን ሥዕሉ በጋዜጣ አይወጣም፤ የታላላቅ ሰዎችም አንደበት ስሙን አይጠራውም። ሰውን መድኃኒቱ ሰው ነው ከተባለ፥ መድኃኒቱ ዝነኛ ለሆነው ሕመምተኛ ብቻ ሊሰጥ አይገባም። የሥልጣንና የሀብት ባለቤት የሆነ ሁሉ፥ በመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ወጥቶ መግባት የማይችል ሠራተኛ፥ በሰፈሩም ልጁን በጓዳ ደብቆ የሚያስቀምጥ ቤተ ሰብ እንዳለ ይመርምር። ዛሬ አንድ ደረጃ ለጋሪ እንዲመች ቢያስተካክል፥ ለአንድ ወጣት የሰው ሠራሽ እግሩን ዋጋ ቢሸፍን፥ ለአንዲት እናትም ልጅሽን አውጪው፥ ይማር፥ ይሥራ ብሎ ቢመክራት፥ ሥራው በጋዜጣ ባይጻፍም የወደቀ ሰው በእርሱ ምክንያት ይቆማል።