ዮናስ፣ ዩኑስ እና ርግቧ

የመጀመሪያ ልጅዎን እየጠበቁ ነው እንበል። ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ገብተው የሕፃን ልብስ ሲመርጡ አንዱ ነጋዴ «ዮናስ!» ተብሎ ሲጠራ ይሰማሉ። ሁለት ሱቅ አለፍ ሲሉ ደግሞ «ዩኑስ!» የሚል ጥሪ። አንዱ ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም፤ ስሙ ግን አንድ ነው።

ሥሩ ዕብራይስጥ ነው። «ዮና» ማለት ርግብ ሲሆን መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» በግሪክኛ በኩል የመጣች ናት። ወፏ በአማርኛ ርግብ፣ በዐረብኛ ሐማማ ስለምትባል ስሙን ስንጠራ ትዝ አትለንም።

ስም ፍለጋ ስልክዎን ቢከፍቱ «ዮናስ፦ ርግብ፣ ሰላማዊ» የሚል ያገኛሉ። ልክ ነው፤ ኖኅ የላካት ርግብ የወይራ ቅጠል ይዛ ተመልሳለች፤ የሰላም ምልክትነቷም ከዚያች ቅጠል ጋር ይያያዛል።

እኔ ግን ይህ ግማሹ ብቻ ይመስለኛል። መዝሙረኛው የርግብ ክንፍ የተመኘው ከጭንቁ ርቆ ለመብረር ነው። ነቢዩ ሆሴዕም ኤፍሬምን አንዴ ወደ ግብፅ፣ አንዴ ወደ አሦር በምትባክን ሞኝ ርግብ መስሎታል። ዮናስ ወደዚህችኛዋ ርግብ ያደላል! ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል ከኢዮጴ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ተርሴስ ሸሸ። በዓሣ ሆድ 3 ቀን ቆይቶ ሄደና ሰበከ፤ ከተማዋ ስትድን ደግሞ ተቆጥቶ ከከተማዋ ውጭ ተቀመጠ። (ጎረምሳ ልጅ ላላቸው ወላጆች ይህ አዲስ አይደለም።) ባለ 4 ምዕራፉ መጽሐፍ በእግዚአብሔር ጥያቄ ያበቃል፤ ዮናስ ሲመልስ አንሰማም።

ከዐቢይ ጾም በፊት፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሚጾመው የነነዌ ጾም መነሻው ይኸው ታሪክ ነው። በቁርአንም 10ኛው ሱራ «ዩኑስ» ይባላል፤ ነቢዩ በዓሣው ሆድ ያደረገውን ዱዓ ብዙ ሙስሊሞች ሲጨንቃቸው ይደግሙታል።

እናም ልጅዎ አድጎ «ስሜ ምን ማለት ነው?» ሲልዎ «ርግብ» ብለው ብቻ አያሰናብቱት። የሸሸውንም፣ ያኮረፈውንም፣ የተመለሰውንም ይንገሩት።

ሴት ብትሆንስ? በእስራኤል «ዮና» የሴትም ስም ነው። የሙሴ ሚስት ሲፓራም የስሟ ትርጉም ወፍ ነው። ሩቅ መሄድ ካልፈለጉ ደግሞ በትግርኛ ርግበ አለች፤ እሷ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።