ጫጩቷ ለምን አልበላ አለች?

እመቤቴ፣ ከሮቤ ገዝተው በካርቶን ጎሮ ድረስ ያመጧቸው የአንድ ቀን ጫጩቶች መኖውን ዞር ብለው ካላዩት፣ «አስኳሉ ገና በሆዳቸው አለ» ብለው አይዘናጉ። እርግጥ ነው፣ አለ፤ ግን ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አያዘልቅም።

የጫጩት የምግብ ፍላጎት የሚታዘዘው ከአንጎል ነው። በዚያ የሚሠሩ አንዳንድ ዘረ መሎች ረኃብን ይቀሰቅሳሉ፤ ሌሎቹ ይገታሉ። ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ሰውን ያስርባል፤ የሚገርመው ግን የጫጩቷን ፍላጎት ይዘጋል። የእሷን ሆድ በእኛ ሆድ መለካት አይቻልም! ስትደነግጥም አንጎሏ የሚያመነጨው ሆርሞን መብላቷን ያስተዋታል። የመኪና መንገላታትና የባሌ ብርድ ደግሞ ለጫጩት ትልቅ ድንጋጤ ነው።

ስለዚህ አፏን ከፍተው በግድ አያጉርሷት፤ መጀመሪያ ያሙቋት። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋታል። ተደራርበው ከተቆለሉ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ከጎናቸው ያኑሩ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ለልጆችዎም ጭምር ገዳይ ነው።

ከዚያ ውሃ ያቅምሷቸው፤ መኖውንም በወረቀት ላይ በትነው በጣትዎ ቆርቆር ያድርጉ። እናታቸው የጠራቻቸው መስሏቸው ይመጣሉ። ማታ ከጉሮሮዋ ሥር ያለችውን የእህል ከረጢት ዳበስ ያድርጉ፤ ሞልታ ከለሰለሰች በልታለች።