የወደቀው ሐውልት ይመሰክራል

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮብልስቶን እየጠረብኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ግትር ነው፤ መስመሩን ካላገኙለት መዶሻውን መልሶ ያነጥራል። ስለዚህ አክሱም ስሄድ ከሐውልቶቹ ይበልጥ ያጓጓኝ የተፈለጡበት ቦታ ነበር።

ቦታው ጎበድራ ይባላል፤ ከከተማው በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አለቱ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ባለ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ዛሬም ይታያሉ። ምንነታቸውን አስጎብኚ እንዲነግረኝ አላስፈለገም፤ የሽብልቅ ማስገቢያ ናቸው። ሽብልቁን በመስመሩ ሰግስገው ተራ በተራ ሲያጠብቁት አለቱ በዚያው በኩል ይሰነጠቃል። እኛም የምንፈልጠው እንዲሁ ነው፤ የእኛ ግን በአንድ እጅ ይነሳል። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የወሰደው፣ በ1997 በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሦስት ቦታ ተከፍሎ የተመለሰው ሐውልት 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት አለው።

«ይህማ የሰው ሥራ አይደለም» ሲባል እሰማለሁ። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ስላለችው ራፓ ኑዪ ደሴትም እንዲሁ ይባላል። የደሴቲቱ ሰዎች ሞአይ የሚሏቸውን ወደ 1000 የሚጠጉ ግዙፍ ምስሎች ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠርበዋል። ትልቁ 21 ሜትር ነው፤ ሳያልቅ ከአለቱ ጋር እንደተጣበቀ ቀርቷል። ምስሎቹ ከቦታ ቦታ የሄዱት እየተራመዱ ነው ይላል የአገሬው ትውፊት። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ ሙከራ 18 ሰዎች ከ4 ቶን በላይ የሚመዝን አምሳያ በሦስት ገመድ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ፣ እንደቆመ አስኬዱት። ትውፊቱ ተረት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

አክሱም ላይ ከሁሉም የሚበልጠው ሐውልት ግን ተሰባብሮ ተጋድሟል። 33 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ500 ቶን ያልፋል። ጠራቢዎቹ በርና መስኮት ያለው ባለ 13 ፎቅ ሕንፃ አስመስለው ቀርጸውታል። ተመራማሪዎች የወደቀው ሲያቆሙት ወይም በቆመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው ብለው ይገምታሉ። ከዚያ ሁሉ ቁመት መሬት ውስጥ እንዲቀበር የተተወለት 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ይህን የሰማ ግንበኛ ራሱን መነቅነቁ አይቀርም፤ መሠረቱ አልበቃውም።

እኔ ታዲያ የሰው ሥራ አይደለም ለሚል ሁሉ የማሳየው የቆሙትን አይደለም፤ ይህንኑ ነው። መልአክ ያቆመው ድንጋይ አይወድቅም፤ ልኩን የሚስተው ሰው ነው።