መኪናን በቤት ማጠብ፦ ተረትና እውነታ

የመኪና ቀለም የሚደበዝዘው በፀሐይና በመንገድ አቧራ ብቻ ይመስለናል። ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፎ የሚታየው ጭረት ግን አብዛኛው የእኛው እጅ ሥራ ነው፤ ስናጥብና ስንወለውል የምናመጣው። መኪና የቤተሰብ ትልቁ ንብረት በሆነበት አገር ይህን ጉዳት ማስቀረት ይገባል፤ ደግሞም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ተረት፦ «አቧራ ብቻ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይበቃል።»

እውነታ፦ ከሁሉም የከፋው ልማድ ይህ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል መስታወት መሰል ሽፋን አለ። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር 20ኛ ያህል ነው። አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ከዚህ ሽፋን ይጠነክራል፤ በጨርቅ ሲታሽ ይሞረሙረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውኃ አፍስሰው አቧራውን ያውርዱ፣ ከዚያ በሳሙና ይጠቡ። ሁለት ባልዲ ይያዙ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ። ለጎማና ለቸርኬ የተለየ ጨርቅ ይኑርዎት። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ ቀለሙ አይመለስ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው በደረቁ ከሚወለውል አቧራውን ትቶ ውኃ የሚመጣበትን ቀን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ተረት፦ «ልብስ የሚያነጻ ኦሞ መኪና አያቅተውም።»

እውነታ፦ አያቅተውም፤ ችግሩ ከቆሻሻው ጋር ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰምም ጠርጎ መውሰዱ ነው። በደንብ ያልሟሟው ቅንጣትም ይጭራል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽም ሰም ያነሳል። አንድ ጊዜ ቢያጥቡበት ቀለሙ አይላጥም፤ ሲደጋገም ግን ቀለሙን ያለ መከላከያ ያስቀረዋል። የመኪና ሻምፑ ለስለስ ያለ ነው፤ ቆሻሻው ሳይጭር ተንሸራቶ እንዲወርድም ይረዳል።

ተረት፦ «ፀሐይ ላይ ሲታጠብ ቶሎ ይደርቃል።»

እውነታ፦ ቶሎ መድረቁ ነው ጉዳቱ። ውኃው ሲተን በውስጡ ያለው ማዕድን ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ሳሙናውም ሳይታጠብ ይደርቃል። ጥላ ፈልገው፣ ኮፈኑ ሲበርድ ይጠቡ፤ ወዲያው በማይክሮፋይበር ጨርቅ ያድርቁ።

ተረት፦ «ጎማን የሚያሳምር ናፍጣ ነው።»

እውነታ፦ ናፍጣ ለጥቂት ሰዓት ያጠቁራል፣ አቧራም ይስባል። ከሁሉ በላይ ግን ጎማውን ያለሰልሰዋል፤ በጊዜ ብዛትም ያዳክመዋል። ጎማ በሳሙናና በብሩሽ ይጸዳል። ማብረቂያ ካስፈለገ ውኃ ላይ የተመሠረተውን መርጠው የጎኑን ግድግዳ ብቻ ይቀቡ። መንገድ የሚነካውን ገጽና የፍሬኑን ዲስክ በፍጹም አያስነኩ፤ የሚያንሸራትት ጎማና የማይዝ ፍሬን ሕይወት ያስከፍላሉ። መሪና ፔዳልም ቅባት አይወዱም።

ተረት፦ «ሰም ጭረት ያጠፋል።»

እውነታ፦ ሰም ይሸፍናል፣ ይጠብቃል፤ አይፍቅም። ጭረት የሚያነሳው ፖሊሽ ነው፤ ይህም የሚሆነው ከክሊሩ ጥቂት በመፋቅ ነው። በየጊዜው ፖሊሽ የሚደረግ መኪና በየጊዜው ይሳሳል። ጥፍርዎ የሚያዝበት ጭረት ካለ ለፖሊሽ ጥልቅ ነውና ለቀለም ባለሙያ ያሳዩት።

ተረት፦ «የጥርስ ሳሙና ቢጫ የሆነን መብራት ያድሳል።»

እውነታ፦ ለጊዜው ያጠራል። የመብራቱ ፕላስቲክ ቢጫ የሚሆነው መከላከያ ሽፋኑን አልትራቫዮሌት ጨረር ሲበላው ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ይህ ጨረር ወደ 10 በመቶ ይበረታል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የጥርስ ሳሙና የተበላሸውን ገጽ ይፍቃል እንጂ ሽፋኑን አይመልስም፤ ስለዚህ ቢጫው ይመለሳል። ጨረር መከላከያ ሽፋን ያለው ማደሻ ይግዙ። መብራቱ የደበዘዘው ከውስጥ ከሆነ ግን ከውጭ ማሸት አይጠቅመውም።

ተረት፦ «የውስጡን ሽታ በረኪና ያጠፋዋል።»

እውነታ፦ በረኪና የወንበሩን ጨርቅ ያነጣል፣ የደህንነት ቀበቶውንም ክር ያዳክማል። ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በጠባብ መኪና ውስጥ ይህ አደገኛ ነው። ለቀበቶው ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ለሽታው ደግሞ ምንጩን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከምንጣፉ ሥር ያለ እርጥበት ነው።

እንግዲህ ገንዘብዎን በቅደም ተከተል ያውጡ፦ በመጀመሪያ ሁለት ባልዲና ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቆች፣ ቀጥሎ ሻምፑ፣ ከዚያ ሰም። ፖሊሽ የመጨረሻው ነው፤ በትክክል የሚያጥብ ሰው እምብዛም አያስፈልገውም።