የጨዋታው ሽያጭ ቢቀዘቅዝ ለተጫዋቹ ምኑ ነው?

ለልጆችዎ ጨዋታ ሲገዙ ምን ያያሉ? ዋጋውን፣ ለዕድሜያቸው መስማማቱን፣ ምናልባትም «ሰው ሁሉ እየገዛው ነው» መባሉን። ይህ የመጨረሻው መመዘኛ ለብዙ ዕቃ ይሠራል። ገበያ ያጣ ስልክ መለዋወጫም ጠጋኝም ያጣል። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ የቪዲዮ ጨዋታም ኩባንያው ሰርቨሩን የዘጋ ዕለት ያበቃል። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደው የሚና ጨዋታ ግን ከዚህ ይለያል።

አጨዋወቱ ተረት ከመንገር ብዙም አይርቅም። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። «በሩ ተዘግቷል፤ ትሰብረዋለህ ወይስ ታንኳኳለህ?» ይላል መሪው። ተጫዋቹ ይወስናል፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይለያል። የሚያስፈልገው የሕግ መጽሐፍ፣ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነው።

የዘርፉ በኩር «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን የፈጠሩት ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አሳታሚው ቲኤስአር ቀስ በቀስ ትልቅ ኩባንያ ሆነ፤ በ1990ዎቹ ግን ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ በ1997 ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ዊዛርድስን ራሱን ሃስብሮ ገዛው። ይህ ሁሉ ሲሆን መጽሐፉን በእጁ የያዘ ተጫዋች ጨዋታውን እንዲያቆም የሚያስገድደው ነገር አልነበረም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሳሙና ያልቃል፣ ጫማ ያረጃል፤ የጨዋታ ሕግ ግን አያልቅም። ገበጣን ያስቡ፤ ኩባንያም ማስታወቂያም የለውም፣ ጠጠር የሚለቅም እስካለ ግን አለ። አንድ የሚና ጨዋታ መጽሐፍም አምስት ሰው ለሃያ ዓመት ሊያጫውት ይችላል። ይህ ለቤተሰብ በረከት፣ በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ግን ራስ ምታት ነው፤ ደንበኛው አንዴ ገዝቶ ረክቷልና።

ስለዚህ ኩባንያው በየጊዜው አዲስ እትም ያወጣል፤ በ2000፣ በ2008፣ በ2014፣ በ2024። የ2008ቱን ብዙዎች አልወደዱትም። ከ2000ው እትም ጋር የወጣው ፈቃድ ሌሎች አሳታሚዎችም ሕጉን እንዲጠቀሙበት ይፈቅድ ነበርና፣ ፓይዞ የተባለ ኩባንያ የቀደመውን ሕግ አሻሽሎ በ2009 «ፓዝፋይንደር»ን አቀረበ። የቀድሞውን የሚወዱም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም።

ታዲያ ሽያጭ ለተጫዋቹ ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል። አዲስ ሰው ስለ ጨዋታው የሚሰማው በስፋት ሲሸጥ ነው፤ አዲስ ሰው ካልመጣ ደግሞ የጨዋታ ጓደኛ ማግኘት ይከብዳል። ደራሲውና ሠዓሊው የሚከፈላቸውም ከዚያው ነው። ገዢም ድምፅ አለው። በ2023 መጀመሪያ ዊዛርድስ ያንን የቆየ ፈቃድ ለመለወጥና ከትልልቅ አሳታሚዎች የገቢ ድርሻ ለመጠየቅ ያዘጋጀው ረቂቅ አፈትልኮ ወጣ። ተጫዋቾች ተቆጡ፤ ብዙዎች ለኩባንያው የኢንተርኔት አገልግሎት የሚከፍሉትን ክፍያ አቋረጡ። ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው ሐሳቡን ተወ፤ መሠረታዊ ሕጎቹንም ሊሻር በማይችል ነጻ ፈቃድ ለሁሉም ለቀቀ።

ለእርስዎ ቤት ይህ ምን ማለት ነው? መጀመሪያ ገንዘብ አያውጡ። የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» መሠረታዊ ሕግ ከኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም በአማርኛ መጫወትን የሚከለክል የለም። ልጆቹ ከወደዱት አንድ መጽሐፍ ይግዙ። አዲሱን ወይስ የቆየውን እትም? አብረዋቸው የሚጫወቱት ጓደኞቻቸው የያዙትን። አዲስ እትም ወጣ ተብሎ በቤት ያለውን መጣል አያስፈልግም።

ከመጽሐፉ ይልቅ ውድ የሚሆነው ጊዜው ነው። ጨዋታው ዘመን የሚሻገረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩን አስቀምጦ ጠረጴዛ የሚከብ አራት ሰው ሲገኝ ነው። ከአራቱ አንዱ እርስዎ ቢሆኑስ?