ከመቀሌ እስከ ጅጅጋ በአየር ስንት ይርቃል?

የአገሩን ካርታ ዘርግቶ ከከተማ ከተማ በማስመሪያ የሚለካ ወጣት መልካም ልማድ አለው። ነገር ግን ማስመሪያው የሚነግረው የአሞራን መንገድ እንጂ የመንገደኛን መንገድ አይደለም። ይህን ለማስረዳት መቀሌንና ጅጅጋን መርጠናል።

ከመቀሌው አሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ ተነሥቶ፥ የአፋርን ቆላ አቋርጦ በቀጥታ ለሚበር ጅጅጋ 590 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአገር ውስጥ መሥመር የሚሠራው ባለ ሁለት ሞተሩ ኪው 400 አይሮፕላን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል። መንደርደሩ፥ ወደ ላይ መውጣቱና ለማረፍ ዝቅ ማለቱ ሲታሰብ፥ ጉዞው አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ በሆነ ነበር።

«በሆነ ነበር» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው የአገር ውስጥ በረራ ከአዲስ አበባ ይነሣል፥ ወደዚያውም ይመለሳል። ነገሩ እንደ ጋሪ መንኰራኵር ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ በእምብርቱ ማለፍ ግድ ይሆናል። ሰባ ያህል መቀመጫ ያለውን አይሮፕላን ከጠረፍ ወደ ጠረፍ በየጊዜው ለማብረር በቂ መንገደኛ ማግኘት ስለሚያሻ፥ አሠራሩን አንነቅፈውም። ሆኖም ከመቀሌ እስከ ቦሌ 500፥ ከቦሌ እስከ ጅጅጋ ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው ከ360 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ትርፍ መንገድ ይበራል ማለት ነው።

ይህ ዕዳ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ከጋምቤላ ወደ ጅጅጋ የሚሄድ ሰው 930 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝም፥ አዲስ አበባ ከቀጥታው መሥመር እምብዛም ስለማትርቅ በቦሌ ማለፉ ብዙ አይጐዳውም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፥ አይሮፕላኑ ዳኮታ ነበር፤ በሰዓት የሚጓዘውም ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ዛሬ ፍጥነቱ እጥፍ ሆኗል። የቦሌን ጥበቃ ግን ሞተር አያሳጥረውም፤ የሁለቱ በረራዎች ሰዓት ካልተገጣጠመ ጥበቃው ከበረራው ይረዝማል፥ አንዳንዴም ያሳድራል።

ከዚህ የከፋም አይተናል። በጦርነቱ ዘመን የመቀሌ በረራ ተቋርጦ፥ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደ ገና እስኪጀመር ድረስ፥ ጅጅጋ ሆኖ መቀሌ ያለች እናቱን ለማየት የሚናፍቅ ልጅ ኪሎ ሜትሩን ቢያውቀው ምን ይረባዋል?

አሁን ከመቀሌ ወደ ጅጅጋ የተዛወረ ወጣት ሹም ሥራ የሚጀምርበት ቀን በደብዳቤው ተወስኖለት ከሆነ፥ ሁለቱን በረራዎች አንድ ላይ ይቍረጥ፤ በመካከሉም በቂ ጊዜ ይተው፥ ቢቻል አንድ ቀን ቀድሞ ይነሣ። በመኪና እሄዳለሁ የሚል እንደሆነ፥ በአዲስ አበባ በኩል ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠብቀዋል።

የቲኬቱንም ሰዓት አጥብቆ ይመልከት። 08:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎት ምሳውን በልቶ ወደ አየር ማረፊያው የሚመጣ መንገደኛ የመቀሌው አይሮፕላን ጥሎት ሄዷል፤ ከቦሌ የሚቀጥለውም እንዲሁ።