ኤሌክትሪክ የሚሸጥ መኪና በሕግ ፊት

የኤሌክትሪክ መኪና የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ቆሞ ነው የሚውለው። በባትሪው የያዘው ኃይል ግን አንድን ቤት ቢያንስ ለአንድ ቀን ያቆያል። ይህን ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ መልሶ ስለመሸጥ የደላዌር ዩኒቨርሲቲው ዊሌት ኬምፕተን ከስቲቨን ሌተንድሬ ጋር የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። ቴክኖሎጂው ከዚያ ወዲህ ደርሷል፤ የዘገየው ሕጉ ነው። የኤሌክትሪክ ሕግ የሚያውቀው አምራችና ተጠቃሚን ነው። ሌሊት ገዝቶ አመሻሽ ላይ የሚሸጥን፣ ያውም ከቦታ ቦታ የሚዞርን ባትሪ የት ይመድበው?

ቀድመው መልስ ከሰጡት አንዷ የአሜሪካዋ ግዛት ደላዌር ራሷ ናት። የ2009 ሕጓ ባለመኪናው ለመለሰው ኃይል፣ ቻርጅ ሲያደርግ በሚከፍለው ዋጋ ልክ እንዲታሰብለት ያዛል። ደንቡ ፍትሐዊ ነው፤ ዋናውን ገንዘብ ግን አልነካም። ለመስመሩ ትልቁ ጥቅም የኃይሉ መጠን ሳይሆን መኪናው በተጠራበት ሰከንድ መድረሱ ነው። ይህ አገልግሎት የሚሸጠው በጅምላ ገበያ ሲሆን፣ አንድ መኪና ብቻውን እዚያ ቦታ የለውም። የአሜሪካ ፌዴራል የኢነርጂ ተቆጣጣሪ በ2020 ባወጣው ትዕዛዝ 2222 ትንንሽ ምንጮች ተሰባስበው ከ100 ኪሎዋት ጀምሮ እንዲገቡ ፈቀደ። አፈጻጸሙ ግን ዛሬም እየተጓተተ ነው። በ2024 ሜሪላንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች እነዚህን መኪኖች ከመስመሩ ጋር የሚያገናኙበት ሥርዓት እንዲበጅ ደነገገች። ካሊፎርኒያ ደግሞ በዚያው ዓመት መኪኖች ኃይል የመመለስ ችሎታ እንዲኖራቸው የማስገደድ ሥልጣን ለኢነርጂ ኮሚሽኗ ሰጠች።

ተቆጣጣሪዎችን ይበልጥ የሚያስቸግረው የባትሪውን ኃይል ለመስመሩ እንዲስማማ የሚቀይረው መሣሪያ፣ ኢንቨርተሩ ነው። ግድግዳ ላይ ከተተከለ እንደ ሶላር ተፈትሾ ይፈቀዳል። መኪናው ውስጥ ከሆነ ግን ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ከተማ ይሰካል፤ ፈቃዱ ለቤቱ ነው ወይስ ለመኪናው?

በአውሮፓ ትልቁ እንቅፋት ድርብ ክፍያ ነበር። ጀርመን ውስጥ ባትሪው ሲሞላ የመስመር ክፍያ ይታሰብ ነበር፤ ተመልሶ የተሸጠው ኃይል ጎረቤት ሲደርስ እንደገና ይታሰብ ነበር። ፓርላማው ይህን ለማስቀረት ሕጉን ያሻሻለው በ2025 መገባደጃ ነው። እንዲህ ያለ ስሌት እያለ የሙከራ ፕሮጀክት ብቻ መብዛቱ አይገርምም።

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2024 ጀምሮ ከልክላለች። መንገዱ ላይ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች በአብዛኛው ከቻይና የመጡ ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ምድጃ ወይም ፍሪጅ የሚያሠራ መውጫ ያላቸው አሉ። ለእኔ እዚህ የሚቀድመው የሽያጭ ታሪፍ አይደለም። መብራት ሲጠፋ መኪናውን ከቤቱ ሽቦ ጋር የሚያገናኝ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ቤቱን ከመስመሩ የሚነጥል መቀያየሪያ ከሌለ ኃይሉ ወደ ምሰሶው ይወጣል፤ ጠፍቷል ብሎ የሚጠግነውን ሠራተኛም ሊገድል ይችላል። መቀያየሪያውን ግዴታ የሚያደርግ፣ ገጣሚውንም በኃላፊነት የሚይዝ አጭር ደንብ ማውጣት ገበያ እስኪቋቋም መጠበቅ የለበትም።